የቃላት ጥግ፦ አምስት ፊደል፣ በውስጡም ኪው

 

ባለፈው እትም አራት ፊደል ያላቸውን፣ ዜድ የምትገኝባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጉ ብለናችሁ ነበር። ሳጥናችን ውስጥ የገቡት መልሶች ብዙዎቹ ልክ ናቸው። «ዜሮ» ትክክል ነው። «ሳይዝ»ም ትክክል ነው፤ ለጫማም ለቤተሰብ ብዛትም የሚጠቅም ቃል ነው። «ፕራይዝ» ብላችሁ ሽልማት የላካችሁልን ግን፣ ፊደሎቹን አንድ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ። አምስት ናቸው፤ ስለዚህ ሽልማቱ ራሱ ሳይሸለም ቀረ።

ለአዲስ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ ዓምድ የእንግሊዝኛ ፊደሎችን በስማቸው ብቻ ነው የምንጠራቸው። ለምን ቢባል፣ እናንተው በእጃችሁ ደብተራችሁ ላይ እንድትጽፏቸው ነው። ያየነውን እንረሳለን፤ የጻፍነው ይቀራል። «ኤ» የፊደሎቹ መጀመሪያ ናት፣ «ኢ» አምስተኛዋ፣ «አይ» ደግሞ ዘጠነኛዋ። እነዚህን ሦስቱን ካላምታታችሁ ሌላው ቀላል ነው።

የዛሬዎቹ ቃላት አምስት ፊደል ያላቸው ሆነው ኪው የምትገኝባቸው ናቸው። ኪው በእንግሊዝኛ ብዙም አትገኝም። ስክራብል የሚባለውን የቃላት ጨዋታ ያየ ያውቃታል፤ ከ100ዎቹ ቁራጮች ኪው አንዲት ብቻ ናት፣ 10 ነጥብም ታስቆጥራለች። ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ የሚገኝበት ዎርድል የሚሉት የስልክ ጨዋታም በ2021 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ይዞታል። እኛ ግን ኪውን የመረጥነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እዚህ ካምፕ ውስጥ በየቀኑ የምንኖርባቸው ቃላት፣ ቆጥረን ስናያቸው፣ ብዙዎቹ ኪው ያለባቸው ሆነው ስላገኘናቸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ድምጿ። ኪው ብቻዋን አትሄድም፤ ከኋላዋ ዩ ትከተላታለች። የሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ምን እንደሆነ ፈረንጅ አገር ሄደን መማር አያስፈልገንም፤ ከፊደል ገበታችን ኰ፣ ኲ፣ ኳ፣ ኴ፣ ኵ ያሉትን ተመልከቱ። እነሱ ሁለት ፊደል የሚያወጡበትን እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን። ንግሥት «ኲን» ነው፤ ኪው-ዩ-ኢ-ኢ-ኤን። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል በሲና በደብልዩ ነበር የሚጀመረው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ልማድ ገብቶ ኪውና ዩ ቦታውን የወሰዱት። ታዲያ የእንግሊዝ ልጅ ተማሪ ቤት በዚህ ሲቸገር ብታዩ አትገረሙ፤ የራሱ ቃል በሰው ፊደል ተጽፎ ነው።

ስሕተታችን የሚመጣው ኪውን እንደ «ቀ» ስናነባት ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ቃፍ የምንላት ቀ እና ኪው ከአንድ ጥንታዊ ፊደል የተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዷ ወደ ግእዝ መጣች፣ ሌላዋ በግሪክ አድርጋ ሮም ገባች። በኮምፒውተርና በስልክ አማርኛ የሚጽፉ ልጆችም ቀን ለማውጣት ኪውን ነው የሚጫኑት። በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ግን ጉሮሮን ማጥበቅ የለም። «ቁዊን» ሳይሆን «ኲን» ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ።

«ኪዩ» እንበል፤ ኪው-ዩ-ኢ-ዩ-ኢ። ሰልፍ ማለት ነው። ይህን ቃል እንግሊዞች ራሳቸው ይስቁበታል፤ ምክንያቱም አነባበቡ ከኪው ፊደል ስም ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትናገራለች፣ አራቱ ከኋላዋ ዝም ብለው ተሰልፈዋል! ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ጭራ ነበር። የእህል እደላ ቀን ከመጋዘኑ በር ጀምሮ እስከ ዛፎቹ የሚጠማዘዘውን ያየ ሰው ጭራ መባሉን አይክድም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አማርኛችን «ሰልፍ» እና «ወረፋ» ብሎ ሁለት ነገር ይለያል። ሰልፉ የሰዉ መስመር ነው፤ ወረፋው ያንተ ተራ ነው። እንግሊዝኛውም ይለያል። መስመሩ ኪዩ ነው፣ ተራህ ግን «ተርን» ነው፤ ቲ-ዩ-አር-ኤን። ስለዚህ ቧንቧው ጋ «ወረፋዬ ነው» ለማለት ኪዩ አትበሉ፤ «ማይ ተርን» በሉ። ጀሪካናችሁን በመስመሩ አስቀምጣችሁ እናንተ ጥላ ስር ብትቀመጡ፣ ኪዩው ውስጥ ያለው ጀሪካኑ ነው፣ ተርኑ ግን የእናንተ ነው። በስዋሂሊ «ፎለኒ» የሚሉት ደግሞ፣ «ተሰለፉ» ከሚል የእንግሊዞች ወታደራዊ ትእዛዝ የተወሰደ ነው። ስዋሂሊ ሰልፍን ከእንግሊዝ ወሰደ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከፈረንሳይ። ሰልፍ የሌለበት አገር አልተገኘም መሰለን።

ሁለተኛው «ኮታ» ነው፤ ኪው-ዩ-ኦ-ቲ-ኤ። በአማርኛም ኮታ እንላለን፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ስንት?» የሚል ጥያቄ ነው። ኮታ ስንት ሰው እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን የምንለው ያለ ነገር አይደለም።

በየሻይ ቤቱ ስንቀመጥ «የእኔ ኮታ ደርሷል»፣ «የ2012 ገቢዎች ኮታ አልቋል» ሲባል እንሰማለን። ኮታና ኪዩ ተቀላቅለውብናል። ወደ ሦስተኛ አገር ሰፈራ በመጣ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰልፍ አይደለም። ቀድሞ የገባ ቀድሞ አይሄድም፤ ኋላ የመጣም ሊቀድም ይችላል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጉዳዮችን የሚመለከተው በችግሩ ዓይነት ነው፦ የደኅንነት ስጋት፣ የግፍና የማሰቃየት ሰለባነት፣ እዚህ ሊታከም የማይችል ሕመም፣ አደጋ ላይ ያሉ ሴቶችና ልጆች፣ የቤተሰብ መለያየት፣ የመሳሰለው። ተቀባዩ አገር ደግሞ ስንት ሰው እንደሚቀበል በራሱ ይወስናል። ኒውዚላንድ ለምሳሌ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ በዓመት 1,500 ብላለች። በስዊድንና በኖርዌይ በዚህ መንገድ የገባ ሰው ስሙ ራሱ «የኮታ ስደተኛ» ነው። አሜሪካኖቹ ግን ብዙውን ጊዜ ኮታ ሳይሆን «ሲሊንግ» ይላሉ፣ ጣሪያ ማለት ነው። ጣሪያ ከዚህ በላይ አይኬድም ማለት እንጂ እስከዚህ ይሞላል የሚል ቃል ኪዳን አይደለም። በጥር 2025 የአሜሪካው ፕሮግራም በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲቋረጥ፣ የበረራ ቀን ተቆርጦላቸው ዕቃቸውን ሸጠው የጨረሱ ሰዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። በዓለም ካሉት ስደተኞች መካከል በዓመት በሰፈራ የሚሄዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ «በኪዩው ወደፊት ላስጠጋህ፣ ኮታ ውስጥ ላስገባሽ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» ቢላችሁ፣ የሚሸጥላችሁ የሌለ ሰልፍ ነው። ምዝገባውም፣ ቃለ መጠይቁም፣ ፎርሙም በነጻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንግሊዞች «ኳክ» ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ኪው-ዩ-ኤ-ሲ-ኬ። የዳክዬ ጩኸት ነው፣ ደግሞም ሳያውቅ አውቃለሁ ብሎ መድኃኒት የሚሰጥ ሐሰተኛ ሐኪም ነው። አምስት ፊደል ስለሆነ ከዝርዝራችን ውስጥ አስገብተነዋል፤ ዳክዬዋ ይቅርታ ታድርግልን።

ሦስተኛውና አራተኛው አብረው ይሄዳሉ፤ በእነርሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

«ኳየት» ዝምተኛ፣ ጸጥ ያለ ማለት ነው፤ ኪው-ዩ-አይ-ኢ-ቲ። «ኳይት» ደግሞ በጣም፣ ደህና አድርጎ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ማለት ነው፤ ኪው-ዩ-አይ-ቲ-ኢ። ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ የተጨመረም የተቀነሰም የለም።

ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል። አንዲት እህታችን ስለ ልጇ ማመልከቻ ጻፉልኝ ብላ መጣች። ስሜን አትጥሩ፣ ታሪኩን ግን ጻፉት፣ ለሌላው ይጠቅማል ብላናለች። ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መንገድ ላይ ያየውን ካየ በኋላ መናገር ትቶ ነበር። ይበላል፣ ይተኛል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አይናገርም። እኛም «ጋሼ»፣ «ቲቸር» ስለምንባል ደረታችንን ነፍተን ጻፍንላት። የጽሑፉ ልብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ልጄ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዝም ብሏል የምትል። ኳየት ልንጽፍ ኳይት ጻፍን።

አሁን ያንን ደብዳቤ እንደ አንባቢው ሆናችሁ አንብቡት። «ልጄ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በጣም»። ከዚያ አራት ነጥብ። በጣም ምን? በጣም ታመመ? በጣም ተሻለው? ኳይት ከኋላው ሌላ ቃል ካልተከተለው ምንም አይናገርም።

ወረቀቱ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃልና የጥያቄ ምልክት ተጽፎበታል። እህታችን ቀዩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ከለከሉን አይደል? ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁልኝ?» አለችን። ቃሉን አነበብነው፤ በኪው ይጀምራል። እኛም፣ እውነቱን እንናገር፣ «ኳረል» መሰለን፤ ጠብ ማለት ነው። ከማን ጋር እንደተጣላን ባናውቅም ነገሩ መልካም አልመሰለንም። ወረቀቱን አጣጥፋ ከፍራሿ ስር አስገባችው። እዚያው አምስት ሳምንት ተቀመጠ።

ያወጣችው የጎረቤት ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር። ቤት ልትጠርግላት ገብታ ነው ያገኘችው። ልጅቷ አንብባ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ክልከላ አይደለም፣ ጥያቄ ነው» አለቻት። ቃሉ «ኲሪ» ነበር፤ ኪው-ዩ-ኢ-አር-ዋይ። ማጣሪያ ጥያቄ፣ ያልገባኝ ነገር አለ፣ አብራሩልኝ ማለት ነው። ከላቲን «ጠይቅ» ከሚለው ትእዛዝ የመጣ ነው። ልጅቷ ኢን እና ቲን አለዋውጣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ሰጠቻት። ደረታችን ያን ቀን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ልጁ ከአማካሪ ጋር ተገናኘ። ዛሬስ ይናገራል ወይ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ኳስ ሜዳ ላይ ይጮሃል፤ እኛም ሰምተነዋል። ቤት ውስጥ ግን አሁንም ጥቂት ነው የሚናገረው፣ እናቱ እንደምትለው። የዘገዩት አምስት ሳምንታት ለውጥ ያመጡ ይሆን፣ እርሷ አልጠየቀችንም፣ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

እንዳይምታታባችሁ እኛ ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን እንንገራችሁ። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ኳ-የት። መሐል ላይ «የ» ከሰማችሁ ኢ መሐል ነች፣ ከቲ በፊት። ኳይት ስትሉ ግን «የ» የለም፤ ስለዚህ ኢ ተባርራ መጨረሻ ትቆማለች። ደግሞ ወረቀት ላይ ቀይ ቀለም ስታዩ ከፍራሽ ስር አታስገቡ። በመጀመሪያ ለሚያነብ ልጅ አሳዩ። ኲሪ ከሆነ መልስ ይፈልጋል፤ «ሪጄክትድ» ከሆነ ግን ስምንት ፊደል ነው፣ ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን፣ እርሱም ይግባኝ አለው።

ከኪው ሳንወጣ ስለ ስሞቻችንም እናንሳ፤ ከአንባቢዎች ሦስት ጊዜ ተጠይቀናል። ቀ ያለበት ስም በእንግሊዝኛ በኪው ይጻፍ ወይስ በኬ? ቃልኪዳን የምትባል ልጅ አለች እንበል። ምዝገባው ላይ በኪው ተጻፈች። ተማሪ ቤት በኬ። ክሊኒክ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ኪው ያለ ዩ አትሄድም ብሎ ዩ ጨመረላት፣ ኳልኪዳን ሆነች። በወረቀት ሦስት ልጆች ሆነች፤ አንዷ የተማረች፣ አንዷ የታመመች፣ አንዷ ራሽን የምትበላ። ትክክለኛው የትኛው ነው ለሚለው፣ እኛ ፈራጅ አይደለንም። የኦሮሞ ወንድሞቻችን ለምሳሌ በ1991 በአውሮፓ አቆጣጠር ቁቤን የጽሕፈት ፊደላቸው ሲያደርጉ፣ ኪውን በቀጥታ ለቀ ድምፅ ሰጥተዋታል፣ ዩ አያስፈልጋትም። ቁቤ የሚለው ስም ራሱ ሲጻፍ ኪው-ዩ-ቢ-ኢ-ኢ ነው። አምስት ፊደል! እንግሊዝኛ ስላልሆነ ነው እንጂ የዛሬውን ጨዋታ ያሸንፍ ነበር። ብቻ የሚበጀው ይህ ነው፦ ምዝገባችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ በቃላችሁ ያዙ፣ ለልጆቻችሁም አስይዟቸው፣ በየሄዳችሁበት ያንኑ ንገሩ። ምዝገባው ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ ቃለ መጠይቅ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ እርማት ጠይቁ።

በነገራችን ላይ፣ እኛም የእንግሊዞቹን ጥፋት እናጠፋለን። እኅቶቻችን ለሥራ የሚሄዱባትን አገር ተመልከቱ። ኪው-ኤ-ቲ-ኤ-አር፤ አምስት ፊደል፣ ዩ የለበትም። እኛ ግን «ኳታር» እንላለን። ዩን ከየት አመጣናት?

ሌሎቹን በፍጥነት እንለፋቸው። ፍጥነት ካልን «ኲክ» ፈጣን ነው፤ ኪው-ዩ-አይ-ሲ-ኬ። ድሮ ግን ሕያው ማለት ነበር፤ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሕያዋንና ሙታን በሚባልበት ቦታ ሕያዋን የተባሉት በዚህ ቃል ነው። ያንን የሚያነቡ ወጣቶቻችን «ፈጣኖችና ሙታን» ብለው እንዳይተረጉሙብን። «ስኳት» ቁጢጥ ማለት ነው፤ ኤስ-ኪው-ዩ-ኤ-ቲ። የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መስፈርም እንዲሁ ይባላል፣ ስለዚህ ፎርም ላይ ስታገኙት ስለ መጸዳጃ ይሁን ስለ መሬት ዙሪያውን አንብቡ። «ኲልት» በጥጥ ተሞልቶ የተሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፤ ኪው-ዩ-አይ-ኤል-ቲ። በዚህ ሙቀት ማንም አይፈልገው፣ በብርድ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን ያውቁታል።

የሚቀጥለው እትም ጥያቄዎች እነሆ። ሁሉም አምስት ፊደል ናቸው፣ ሁሉም ኪው አለባቸው፣ ኪው ግን በአንዳቸውም መጀመሪያ ላይ አትቆምም።

አንደኛ፣ በኤስ ጀምሮ በዲ የሚያልቅ። አሰልጣኙ ከውድድር በፊት ስም ዝርዝሩን ይለጥፋል፣ ያልገባበት ልጅ ራቱን ሳይበላ ያድራል።

ሁለተኛ፣ በኢ ጀምሮ በፒ የሚያልቅ። ለሠራተኛ መሣሪያውን፣ ለተማሪ ደብተሩን ማሟላት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በኢ ጀምሮ በኤል የሚያልቅ። በሂሳብ ደብተር ሁለት አጫጭር አግድም መስመሮች ሆኖ ይሳላል። ዘይት ሲሰፈር ሁላችንም የምንጠይቀው ነው።

መልሳችሁን ፊደል በፊደል ጽፋችሁ እንደ ወትሮው ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። ስምና ብሎክ መጻፍ አትርሱ፤ ባለፈው ጊዜ ሁለት ትክክለኛ መልሶች ባለቤት አጥተው ቀርተዋል። እናቶችም መልሱ፣ ለልጆች ብቻ አትተዉት።